ደንብ ቁጥር ሰባትና የቅርጫው ሰንጋ

ደገፉ ሶዶ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል አሥራ አራት ዓመት ሲሠራ አንድ ቀን እንኳ «ጎበዝ» ተብሎ አያውቅም። የሚችለው ነገር ግን ነበረው፤ ቃለ ጉባኤ መያዝ። ዘመኑ ግምገማ በግምገማ የሆነበት ነው። ሰው ሂስና ግለ ሂስ ሲያወርድ ውሎ ሲወጣ፣ ማን ማንን ምን እንዳለው አንዲት ቃል ሳያጎድል የሚጽፈው እሱ ነው። ይፈርሙበታል፣ ከዚያ መኖሩንም ይረሱታል።

በሁለት ሺህ ስድስት ነሐሴ ላይ መከራ መጣበት። ስድስት ጎረቤታሞች ለግፋታ፣ ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ በቅርጫ የሚያርዱት ቀይ ቦቃ ሰንጋ እሱ ግቢ ውስጥ ነበር የሚቀለበው። እዚያ የታሰረው ግቢው ሰፊ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ የቅርጫው ሰብሳቢ ጋሽ ወልደመስቀል «ደገፉ የሰው አደራ አይበላም» ስላሉ ነው። ሰንጋው ታዲያ በገበያ ቀን ገመዱን በጥሶ ወጣና ውሃ በላው።

ደገፉ ሁለት ቀን እግሩ እስኪቀጥን ፈለገ። በሦስተኛው ቀን አንድ ባልደረባው «ፌስቡክ ላይ የጠፋ ከብት የሚፈለግበት ግሩፕ አለ፤ ሦስት ሺህ ሰው አለበት» አለው። ደገፉም «ቀይ ሰንጋ፣ ግንባሩ ቦቃ፣ ግራ ጆሮው የተሰነጠቀ፤ ያየ ሰው ይንገረኝ» ብሎ ለጠፈ።

በአንድ ሰዓት ውስጥ ሰባ ሁለት ኮመንት ጎረፈ። አንዱ «ይህ በሬ ጠፋ ወይስ ተሰረቀ? ግሩፑ የተሰረቀ አይመለከተውም» አለ። ሌላው፣ የግሩፑ ስም «ከብት» ስለሚል ፍየል የጠፋባቸው አባላት ቅር ብሏቸዋልና ስሙ ይቀየር አለ። ስም ከመቀየሩ በፊት ድምፅ ስለሚሰጥበት መንገድ እንወያይ ያለም ነበር። የለም፣ መጀመሪያ አድሚኑ አሮን አምባገነን ስለሆነ እሱ ይታይ ተባለ። ስለ ሰንጋው የጻፈች አንዲት ሴት ብቻ ናት። «እግዚአብሔር ያግኝልህ» ብላ ከርዕስ ወጣሽ ተብላ ተገሠጸች።

ሌላ ሰው ቢሆን ስልኩን ኪሱ ከትቶ ፍለጋውን ይቀጥል ነበር። ደገፉን ግን የመሥሪያ ቤቱ ሽታ ሸተተው። የተጨቃጨቁበትን ሁሉ በአምስት ነጥብ ጨምቆ ለጠፈላቸው። ጭቅጭቁ ቆመ። ከዚያ አሮን «እስከ ዛሬ የት ነበርክ ወንድሜ?» ብሎ ጻፈ፤ አራት መቶ ሰው ላይክ አደረገው። የደገፉ አንጀት ቅቤ ጠጣ። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ያን ቀን ሰንጋውን ረስቶት ነው የዋለው።

በሳምንቱ ግሩፑ ራሱን ገመገመ። ከተቋቋመ ወዲህ ስንት ከብት አስገኝቷል ሲባል መልሱ አንዲት ጥጃ ሆነ፤ እሷም ራሷ ነበረች ወደ ቤቷ የተመለሰችው። የአሠራር ጉድለት ነው ተባለና ደገፉ አድሚን ሆኖ ደንብ አረቀቀ። በተለይ የሚኮራው በቁጥር ሰባት ነው፦ ከብት ያገኘ ሰው ከመለጠፉ በፊት ፎርም ይሞላል፤ ሳይሞላ የለጠፈ ይሰረዝበታል።

«ሰንጋውስ?» አለችው ሚስቱ ሽታዬ።

«ደንቡ ይጽደቅና በሥርዓት ይፈለጋል።»

«ዓመቱን ሙሉ የቅቤ እቁብ ስጥል የከረምኩት እኮ ለዚህ በዓል ነው። ቅቤውን ምን ላይ ላፍስሰው፣ ስልክህ ላይ?»

አልሰማትም። ካርዱ ቶሎ እንዳያልቅበት ስልኩን ፎቶ እንዳያሳይ አድርጎታል፤ የሚያነበው ጽሑፍ ብቻ ነው። ጩማ የሚባል የበዴሳ ሰው «ይህ እኔ ዘንድ አለ፣ ባለቤቱ ይምጣ» ብሎ ፎቶ ሲለጥፍ ለደገፉ የታየው ባዶ ሳጥን ነው። ፎርም የለውም፤ ሰረዘው። ሰውየው ደገመ፤ ሰረዘው። ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ደገፉ ደሙ ፈላ። «ደንብ ቁጥር ሰባትን ያንብቡ» ብሎ ጻፈለትና ከግሩፑ አባረረው። በሳምንቱ ቃለ ጉባኤ ላይም ሥርዓት ማስከበር መጀመሩን በመልካም ጎን መዘገበ።

ግፋታ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ ፌስቡክ የሚባል ነገር ነክተው የማያውቁት ጋሽ ወልደመስቀል የገበያ ከብት የሚመለስበትን መንገድ ጠይቀው፣ ሚኒባስ ተሳፍረው በዴሳ ወረዱ። ገበያው መሃል ቆመው ጠየቁ፤ ከምሳ በፊት አገኙት። ሰንጋው ከሶዶ ገበያ ከሚመለሱ ከብቶች ጋር ተቀላቅሎ ሄዶ ኖሯል። ያው ጩማ፣ እህል ነጋዴ ነው፣ አስሮ ሲቀልበው ከርሟል።

በማግስቱ በአይሱዙ አስጭነው ሶዶ አስገቡትና ሰፈር ድረስ እየጎተቱ አመጡት። ሰንጋው ደገፉ በር ላይ ሲደርስ፣ የለመደው ነውና፣ ቆመ። ደገፉ ሮጦ ወጣ፤ ደስታው እንባ አመጣበት። ጋሽ ወልደመስቀል ግን ገመዱን አልለቀቁም።

«ሰውየው ሦስት ጊዜ ፎቶውን ለጥፌ ነበር አለኝ» አሉ። «ደገፉ የሚባል ሰው እየሰረዘ አባረረኝ አለ። እኔም ሌላ ደገፉ ይሆናል አልኩት።»

ይህን ብለው መልሱን ጠበቁ። ሽታዬም በሩ ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ደገፉ ሌላ ደገፉ በኖረ ምንኛ በወደደ።

«እኔ ነኝ ጋሼ» አለ። ቀጥሎም «ሰውየው ፎርሙን አልሞላም ነበር» አለ።

 ሰንጋው ወደ ግቢው አንገቱን ሲመልስ ጋሽ ወልደመስቀል ገመዱን ሳብ አደረጉና እሳቸው ቤት ወስደው አሰሩት።