በስልኩ ውስጥ የሰማሁት ድምፅ

ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። ላነሳው ጎንበስ ስል ጣቶቼ አልታዘዝ አሉኝ። ጠዋት ስምንተኛ ክፍል ሒሳብ እያስተማርኩ ነበር። ተማሪዎቼ ሳቁ። ልቆጣቸው አፌን ስከፍት ምላሴ ተሳሰረ። ያን ጊዜ ሳቁ ቆመ።

የከተማችን የሲሬ ሰው ሁሉ ምች ነው አለ። ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ፤ ተኝቶ ያልበው ተባለ። የተማርኩ ነኝ ባዩ እኔም አመንኩ። ነቀምት ሆስፒታል የደረስኩት ከሰዓት በኋላ ነው። ሐኪሙ ሲቲ ስካኑን አይቶ፣ "ጋሼ፣ ስትሮክ ነው። ግፊት እንዳለብዎ ያውቁ ነበር?" አለኝ። አላውቅም ነበር። ቀኝ እጄ የለም። ቀኝ እግሬ የለም። ደነገጥኩ ማለት አይበቃም።

ቤቴ ከተመለስኩ በኋላ እጄ ቀስ በቀስ ተመለሰልኝ። እግሬ እምቢ አለ። ሁለት እርምጃ እሄዳለሁ፣ እቀመጣለሁ። ወራት አለፉ። በራሴ እግር ክፍል ካልገባሁ ቦታዬ ለሌላ መምህር ሊሰጥ እንደሆነ ሰማሁ። ከማስተማር ሌላ የማውቀው ሥራ የለኝም።

ሆስፒታል እግሬን የምታለማምደኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጫልቱ፣ ነቀምት አጠገብ ያለችው የዲጋ ልጅ ናት። በኦሮምኛ "ባርሲሳ" ትለኛለች፣ መምህር ማለቷ ነው። አንድ ቀን ጡንቻዬን ፈትሻ፣ "ባርሲሳ፣ እግርዎ ከዚህ በላይ ይችላል። ቤት ሲለማመዱ በስልክ ተቀርጸው ያምጡልኝ" አለችኝ። ልጄ ቢፍቱ ቀረጸችኝ።

በቀጠሮዬ ቀን ጫልቱ ቪዲዮውን እያየች ፊቷ ተለዋወጠ። ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ "ይሄ የሚናገረው ማን ነው?" አለች።

አዳመጥኩ። ዝቅ ያለ የወንድ ድምፅ ነው። በየእርምጃው፣ "አትችልም። ተቀመጥ። አትችልም። ተቀመጥ" ይላል።

ቤት ውስጥ ከእኔ ሌላ ወንድ አልነበረም።

ቢፍቱ ለካ ስትሰማው ከርማለች፤ በእኛ ቤት ድምፅን ዝቅ አድርጎ መጸለይ የተለመደ ስለሆነ ጸሎት መስሏት ዝም ብላለች። እኔ ግን ድምፁን ለየሁት። ሰሌዳ ላይ የተሳሳተ ተማሪን ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ወደ ወንበሩ የመለስኩበት የራሴው ድምፅ ነው። በዚያ ድምፅ ጎበዝ መምህር የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ጫልቱ አልመከረችኝም። "እስቲ እግርዎን ሌላ ነገር ይበሉት" ብቻ አለች። ትችላለህ ልለው አፈርኩ፤ አላመንኩበትማ። የማምነውን ፈልጌ፣ "ሁለቱን ሄደሃል፣ ሦስተኛውን ሞክር" አልኩት። ሦስተኛውን ሄድኩ። ከዚያ ከአልጋ እስከ በር፣ ከበር እስከ አስፋልቱ፣ ከአስፋልቱ እስከ መናኸሪያው፣ እየወደቅሁም እየተነሳሁም ደርሼ፣ ከስምንት ወር በኋላ አንድ ሰኞ ጠዋት ከዘራዬን ይዤ ክፍል ገባሁ። የድሮው ድምፅ አልጠፋም፤ ዳገት ባየሁ ቁጥር ይመጣል። እሰማዋለሁ፣ እሄዳለሁ።

እንደኔ የታመማችሁ፣ እጃችሁ ወይም ምላሳችሁ ድንገት ሲከዳችሁ ቶሎ ሆስፒታል ሂዱ፤ ምች ነው ቢሏችሁም ሂዱ። የግፊት መድኃኒታችሁን አታቋርጡ። ስትለማመዱ ተቀረጹና ራሳችሁን አዳምጡ፤ የምትሰሙት ያስደነግጣችሁ ይሆናል። ሐኪሜን፣ ጫልቱንና ቢፍቱን እግዚአብሔር ይባርክልኝ።

የቀድሞ ተማሪዎቼም ይህን ታነቡ ይሆናል። እኔን ለወራት ያስቀመጠኝ ቃል እናንተን ስንት ዓመት እንዳስቀመጣችሁ አላውቅም። ይቅር በሉኝ። ተሳስቼ ነበር፤ ተነሱ።