በርበሬው «ጠበበ» የተባለበት በጋ

ቡሬ፣ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሥራ አስኪያጁ አቶ ሙላት ወንበር ሳያሳዩኝ ኮምፒውተር አሳዩኝ። «ከእንግዲህ ገበያ መውጣት ቀረ። ገበያው ራሱ እዚህ ይመጣልሻል» አሉኝ። የሥራ መደቤ የገበያ መረጃ ባለሙያ ነበር።

ፕሮግራሙን ከሥልጠና ያመጡት እሳቸው ናቸው። የተሠራው ለውጭ አገር የአክሲዮን ገበያ ነው፤ እኛ በርበሬ አስገባንበት። የሳምንቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ዋጋ ስሞላለት ግራፍ ይሥላል። ሁለቱ መስመሮች እየተቀራረቡ ሲሄዱ በቀይ ይከብባቸዋል። ዋጋው ታምቋል፣ በቅርቡ ይፈነዳል ማለቱ ነው። ወደ ላይ ይሁን ወደ ታች አይናገርም። አቶ ሙላት ግን ወደ ላይ ነው ብለው ወሰኑ።

በዚያው በጋ የሽንዲ ገበያ የበርበሬ ግራፍ ቀይ ሆነ። «ጠበበ!» ብለው ከወንበራቸው ተነሡ። የገበሬዎቹ በርበሬ ያለበት መጋዘን ተቆለፈ፤ ዋጋው እስኪወጣ ሽያጭ ቆመ።

ገበሬዎቹ ለስብሰባ ተጠሩ። አያ ታረቀኝ የሚባሉ ሽማግሌ ተነሡ። ልጃቸውን ሊድሩ ነው።

«ጌታዬ፣ የእኔን እንኳ ይሽጡልኝ።»

«ዋጋው ጠቧል፤ ትንሽ ይታገሡ።»

«ዋጋው ነው እንዴ የጠበበው?» አሉ ጋቢያቸውን እያጣፉ። «እኛስ ሰው የጠበበ መስሎን ነበር።»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ሙላትም የተመሰገኑ መስሏቸው አብረው ሳቁ።

እኔ ነገሩ አላማረኝም። አውቶቡስ ተሳፍሬ ሽንዲ ወረድኩና ዋጋ በስልክ የሚነግረኝን መረጃ ሰብሳቢ፣ ባንቴን፣ ፈልጌ አገኘሁት።

«የምን ገበያ?» አለኝ። «የከረምነው ግምገማ ላይ ነው። ያለፈውን ዋጋ ትንሽ ትንሽ እየነካካሁ ነው የምነግርሽ።»

ተመልሼ ለአቶ ሙላት ነገርኳቸው። «ይሁና» አሉኝ፣ «ፕሮግራሙ እንዲህ ያለውን ጥቃቅን ነገር አልፎ ነው የሚያየው።»

ዋጋው እውነትም ፈነዳ፤ ወደ ታች። በርበሬው መጋዘን ውስጥ ሻገተ። አያ ታረቀኝ የእርሻ በሬያቸውን ሸጠው ልጃቸውን ዳሩ፤ በክረምቱ በሬ ለምነው አረሱ። ድግሱ ላይ ተጠርቼ ሄጄ ነበር፤ ወጡ አልጫ ነበር።

አቶ ሙላት ግራፉን በትልቁ አሳትመው ስለ ዘመናዊ የገበያ ትንበያ ገለጻ አደረጉ። የምስክር ወረቀት ተሰጣቸው። በዓመቱ በዕድገት የዞኑ ዋና ከተማ ፍኖተ ሰላም ገቡ።

እኔ በዚሁ ሙያ ጡረታ ወጣሁ። ዛሬም ግራፍ ጠበበ ሲሉኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ዋጋውን የነገረን ሰው ገበያ ወጥቶ እንደሆነ ነው።