የጳጉሜ ቴፕ

ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ ደህና መልስ አልነበረኝም። «ኮምፒውተር» ስላቸው «ፕሪንተራችን እምቢ ብሏል፣ እስቲ ና እየው» ይሉኛል። እኔ ፕሪንተር አልጠግንም። ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ የግል ኮሌጅ አራተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ፣ የኮሌጁን መረጃ በሙሉ በየቀኑ ቴፕ ላይ የሚቀዳ ሶፍትዌር ነበር የማስተዳድረው። ሰርቨሩ ቢቃጠል፣ ሕንፃው እንኳ ቢፈርስ የተማሪዎቹ ውጤት እንዳይጠፋ ማለት ነው። አደጋ ካልመጣ መኖሬም አይታወቅም። ይህን የምለው ላማርር አይደለም። ለማማረር ነው እንጂ፣ ለምን እዋሻለሁ።

ክፍሌ በፊት የጠመኔና የወረቀት መጋዘን ነበረች። ማሽኖቹ እንዳይሞቁ ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ፣ ውጪ የግንቦት ፀሐይ አናት ሲበሳ እኔ ውስጥ በሹራብ ነበርኩ። በሩ ላይ «ያለ ፈቃድ መግባት ክልክል ነው» የሚል ወረቀት የለጠፍኩት እኔው ነኝ። ሰው ሁሉ ትእዛዙን አከበረልኝ፤ ሻይ የምታዞረዋ ልጅ እንኳ ሦስተኛ ፎቅ ደርሳ ትመለስ ነበር። ወረቀቱን ብቀደው ማን ይከለክለኝ ነበር? አልቀደድኩትም። ማታ የምገባው ጌጃ ሰፈር፣ ከብረታ ብረት ቤት ጀርባ ወደተከራየሁት አንድ ክፍል ነው። በሥራ ቀን የብረት መቁረጫው ጩኸት ያሳብደኛል። እሑድ ሲዘጋ ደግሞ ዝምታው ይብስብኛል።

አንድ ነገር ግን በየቀኑ ከዚያ ክፍል ያስወጣኝ ነበር። የተቀዳ ቴፕ ከሰርቨሩ ጋር አንድ ሕንፃ ውስጥ አያድርም፤ ቢቃጠል አብሮ ይቃጠላላ። ስለዚህ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የትናንቱን ቴፕ ትንሽ ሣጥን ውስጥ ከትቼ፣ በእግሬ ልደታ ማርያም አጠገብ ወዳለው የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት እወስደዋለሁ። እዚያ የዕቃ ክፍል ኃላፊዋ ይቀበሉኛል። ሃምሳዎቹን አጋምሰው ነበር። እትዬ ነበር የምላቸው። የብረቱን ቁም ሣጥን ቁልፍ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል።

«ዛሬስ ምን አመጣህልኝ?»

«ትናንትን ነው ያመጣሁልዎት፣ እትዬ።»

«በል ስጠኝ፣ ልቆልፍበት።»

ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራሉ፣ ይፈርማሉ፣ ከዚያ «ቁርስ በልተሃል?» ይሉኛል። ቀኑን ሙሉ ስለ እኔ የሚጠየቅ ጥያቄ እሱ ብቻ ነበር። ብበላም ባልበላም «አልበላሁም» እላለሁ፤ ከመሳቢያቸው ዳቦ ወይም ቆሎ አውጥተው ይሰጡኛል። እሱን እየበላሁ አሥር ደቂቃ እቀመጣለሁ።

ስለ ቴፖቹ ትንሽ መናገር አለብኝ፤ ነገሩ ሁሉ ከእነሱ ነው የመጣው። ቴፕ ከድሮው ካሴት ወፈር ያለ ነገር ነው። ለስድስቱ የሥራ ቀናት ስድስት ቴፖች ነበሩኝ፤ የሰኞው በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና ይቀዳበታል፣ የበፊቱም ይጠፋል። ከእነዚህ ሌላ ለየወሩ አንዳንድ ቴፕ ነበረኝ። ወሩ በሠላሳ ሲያልቅ ሁሉም ነገር ይቀዳበትና ዓመት ሙሉ ማንም ሳይነካው ይቀመጣል። የወሩን ቴፕ የማደርሰው በማግስቱ፣ ወር በገባ በአንደኛው ቀን ስለሆነ፣ ሁልጊዜ በልደታ ሳሚዎችና በጧፍ ሻጮች መሐል እየተጋፋሁ ነበር። እኔ ወሎ ተወልጄ ያደግሁ ሙስሊም ነኝ፤ የልደታን ቀን ግን ከብዙ ምእመን ይልቅ አስታውስ ነበር።

ሶፍትዌሩ የሚያውቀው የፈረንጆችን አቆጣጠር ብቻ ነው። ሬጅስትራሩ ደግሞ የሚሠራው በእኛው ነው። ስለዚህ ወራችን ሠላሳ የሚሞላበትን የፈረንጅ ቀን ከግድግዳ ካላንደር ላይ አንድ በአንድ እየለቀምኩ፣ ከመስከረም እስከ ነሐሴ አሥራ ሁለት ትእዛዝ ጻፍኩለት። በዚህ ሥራዬ ኮርቼ ነበር። ጳጉሜን ተውኳት። ረስቻት አይደለም፤ ካላንደሩ ጥግ ላይ ተጨናንቃ አይቻታለሁ። የቴፕ ማስቀመጫው አሥራ ሁለት ቦታ ነበረው። ደሞዝ እንኳ የማይከፈልባት ወር ናት፣ በአምስት ቀን ውስጥ ምን ሊፈጠር ነው አልኩ። የየቀኑ ቴፖች ይሸፍኗታል አልኩ። ሌላ አገር ያለ የሙያ ባልደረባዬ ይህን ስሕተት ልሥራ ቢል አይችልም፤ አሥራ ሦስተኛ ወር የለውም።

ሁለት ዓመት ምንም አልሆነም። በሦስተኛው ዓመት ሐምሌ ላይ ከሬጅስትራር አንድ ማስታወሻ መጣልኝ። ከዘንድሮ ጀምሮ የዓመቱ ውጤት በዘመን መለወጫ ዋዜማ ተዘግቶ የቆዩ ዓመታት ውጤት ወዳለበት ሌላ ዲስክ ይዛወራል ይላል። የየቀኑ ቴፖች ያንን ዲስክ አይቀዱትም፤ የሚቀዳው የወሩ ቴፕ ብቻ ነው። እንግዲህ በጳጉሜ የገባ ውጤት እስከ መስከረም ሠላሳ ድረስ እዚያ ዲስክ ላይ ብቻውን ሊቀመጥ ነው። ይህ አልታየኝም። አንብቤ ፈረምኩ፤ ፊርማዬ ደግሞ ያምራል።

በዚያው ጳጉሜ፣ የክረምት ተማሪዎች ውጤት ሰሌዳ ላይ በተለጠፈ ቀን፣ ቴፕ ይዤ ስሄድ እትዬ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። እሳቸውም በየክረምቱ የመዝገብ አያያዝ ዲፕሎማ ይማሩ ነበር። የቀራቸው ስታትስቲክስ ብቻ ነው። ሁለት ጊዜ ወድቀውበታል።

«ሲ!» አሉኝ። «ሲ አገኘሁ! ሲ ነው ያልኩህ!»

ያን ቀን ዳቦው ቀርቶ ኬክ ነበር። ጡረታ ሊወጡ ሁለት ዓመት አይሞላቸውም። ለደረጃ ዕድገት አይደለም አሉኝ፤ ጋውን ለብሼ ፎቶ ልነሣና ሳሎኔ ልስቀለው፣ ሌላ አልፈልግም አሉኝ። ከእሳቸው ደስታ ተካፍዬ፣ የራሴ ነገር ይመስል እያፏጨሁ ነው ወደ ሜክሲኮ የተመለስኩት።

መስከረም ሃያ አካባቢ አንድ ከሰዓት መብራት ሦስት ጊዜ ሄዶ መጣ። በሦስተኛው ያ ሁለተኛው ዲስክ አልተነሣም። ዲኑ፣ የሬጅስትራር ኃላፊው፣ ሌሎችም ሰዎች ወደ ክፍሌ ገቡ። እዚያ ክፍል ውስጥ ያን ያህል ሰው አይቼ አላውቅም። የነሐሴን ቴፕ አስመጥቼ አስገባሁ፣ አዲስ ዲስክ ላይ መልስ አልኩት፤ የስንት ዓመት ውጤት መስመር በመስመር እየተመለሰ መጣ። አጨበጨቡልኝ። ዲኑ እጄን ጨበጡኝ። እንዲህ መታየት ደስ ይላል።

የሬጅስትራር ኃላፊው ስክሪኑን ዝቅ ብሎ አየና «የጳጉሜውስ?» አለኝ።

ያኔ ገባኝ። የነሐሴ ቴፕ ነሐሴ ሠላሳ ላይ ያበቃል። የጳጉሜ የየቀኑ ቴፖች ላይ የመስከረም ሥራ ተቀድቶባቸዋል። የመስከረም የወር ቴፕ ገና አልደረሰም።

«የጳጉሜው ከዲስኩ ጋር ሄደ» አልኩ። ውሸት አይደለም። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፣ መብራት ኃይልን ወቀሰ፣ ወጣ።

መምህራኑ ውጤቱን ከየወረቀታቸው እንደገና ሰጡ። የስታትስቲክሱ መምህር ግን ውጤቱን ያስገባው በፍላሽ ነበር፤ በወረቀት አልሰጠም። ሰሌዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ለአዲሱ ዓመት ማስታወቂያ ቦታ ሲለቀቅ ተቀዶ ተጥሏል። መምህሩ ራሱ ለትምህርት ውጭ ሄዷል፣ ለኢሜይልም መልስ አይሰጥም። የዚያ ክፍል ተማሪዎች እንደገና ይፈተኑ ተባለ። ወጣቶቹ አጉረምርመው ተፈተኑ።

እትዬ አልተረበሹም ነበር። ውሳኔው በተሰማ ማግስት ስመጣ ቁልፉን ከአንገታቸው አውልቀው ጠበቁኝ። «እኔው ራሴ ቆልፌባቸው የለ እንዴ!» አሉኝ። «የጳጉሜን ቴፕ ውሰድና ከዚያ አውጣልኝ።»

«የጳጉሜ ቴፕ የለም፣ እትዬ።»

«እንዴት የለም?» ቁም ሣጥኑን ከፍተው በጣታቸው እየነኩ ከመስከረም ጀምረው ቆጠሩ። ነሐሴ ላይ ጣታቸው ቆመ።

«አልሠራሁላትም። የእኔ ጥፋት ነው» አልኩ።

«ጳጉሜ ወር አይደለችም እንዴ?» አሉኝ። በቁጣ አይደለም፤ ከልባቸው እየጠየቁኝ ነበር። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡና «ለእኔ ነገርከኝ፣ ጥሩ አደረግህ። ለእነሱስ?» አሉ።

«አልነገርኳቸውም።»

«ንገራቸው። ያለፍኩትን ፈተና አራተኛ ጊዜ አልቀመጥም።»

የኮሌጁ ደንብ ለእሳቸው ነበር የሚያደላው። ውጤት በዕቃ ብልሽት ከጠፋ ተማሪው እንደገና ይፈተናል። በሠራተኛ ጥፋት ከሆነ ግን የመምህራን ጉባኤ ሰሌዳው ላይ ያዩ ምስክሮችን ሰምቶ ውጤቱን ማጽደቅ ይችላል። አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍኩ፣ ሁሉንም ሳልደብቅ። ዲኑ ዘንድ ይዤው ገባሁ። አነበቡት፣ መነጽራቸውን አወለቁ።

«መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ወጥቶለታል?»

«ገና ነው።»

«እንግዲያው አላየሁትም። ቁጥር ካስወጣህለት ግን ኮሌጁን ነው የምታዋርደው፤ እኔም ለቦታህ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ።» ወረቀቱን በሁለት ጣታቸው መለሱልኝ።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። ደረጃውን እየወረድኩ አስገባዋለሁ እያልኩ ነበር። በሩ ጋ ስደርስ አለፍኩት። የቤት ኪራዬን አሰብኩ፣ ደሴ ያለችውን እናቴን አሰብኩ፤ ሰው ሲፈራ የሚያስበው አያልቅበትም።

በማግስቱ እትዬ «ጻፍክ?» አሉኝ።

«ጽፌያለሁ።»

«አስገባህ?»

«አስገብቻለሁ።»

ደብዳቤውን ያላስገባሁት ሥራዬን ፈርቼ ነው። ይህን ውሸት የዋሸሁት ግን ሥራዬን ፈርቼ አይደለም። «ቁርስ በልተሃል?» የሚለኝ ሰው እንዳይጠፋብኝ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጥያቄው ተለወጠ። ሣጥኑን ይቀበሉኛል፣ ይፈርማሉ፣ ቀና ብለው «መልስ መጣ?» ይሉኛል። «አልመጣም» እላለሁ። ዳቦው አልቀረም፤ እኔ ግን ቆሜ መብላት ጀመርኩ፣ ከዚያ ደግሞ ቸኩያለሁ ማለት ጀመርኩ። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ። አንዳንድ ቀን መንገድ ላይ ዛሬስ እነግራቸዋለሁ ብዬ ወስኜ እሄዳለሁ፤ ደጃፉ ላይ ስደርስ ሣጥኑን አስረክቤ እመለሳለሁ። ሰኔ ላይ ተመራቂዎቹ ጋውን ለብሰው በቤተ መጻሕፍቱ ደጅ ፎቶ ሲነሡ እትዬ በመስኮት ያዩዋቸው ነበር። ያን ቀን እንኳ ጠየቁኝ። ያን ቀን እንኳ አልመጣም አልኩ።

በሚቀጥለው ጳጉሜ አሥራ ሦስተኛ ቴፕ ገዝቼ፣ አምስተኛዋ ቀን ላይ ቀዳሁበት። «ጳጉሜ» ብዬ በጥቁር እስክሪብቶ ጻፍኩበት። ማስቀመጫው ቦታ ስላልነበረው እትዬ ከነሐሴ ጎን አጋድመው አስቀመጡት። ስለ እሱ ምንም አላሉኝም። «መልስ መጣ?» ብቻ አሉኝ።

ጡረታ የወጡት በተከታዩ ዓመት የካቲት ላይ ነው። በመጨረሻው ቀናቸው የምትተካቸው ሴትዮ አጠገባቸው ቆማ ዕቃ ትቆጥር ነበር። ሴትዮዋ ወደ ጓሮ ስትወጣ ጠብቄ፣ አሁን ካልሆነ መቼ ብዬ አፌን ከፈትኩ። ቀደሙኝ።

«መዝገብ ቤት ያለችዋ ባልንጀራዬ ናት» አሉኝ። «ምንም ደብዳቤ እንዳልገባ የነገረችኝ ያኔ በኅዳር ነው።»

ኅዳር ካለፈ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆኖታል። «ታዲያ ለምንድን ነው በየቀኑ የሚጠይቁኝ?»

«አንድ ቀን ትነግረኛለህ ብዬ ነዋ» አሉኝ።

ሣጥኑን ከእጄ ተቀብለው ቁጥሩን ከመዝገቡ ጋር አመሳከሩና ፈረሙልኝ።