ያልነበረ ልጅ አይሞትም

ወንድሞችና እህቶች፣ ዛሬ የቆምኩት ስለ ወር አበባዬ ልመሰክር ነው። ወንዶች አታቀርቅሩ፤ እናቶቻችሁም ነበራቸው። ጌታ ይመስገን!

በንጉሡ ዘመን ከአንበሳሜ ወደ ፎገራ ሜዳ ስዳር ዐሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። ደሜ ሁለት ሦስት ወር ይቀርና ሆዴ ይነፋል፣ ጡቴ ይጠጥራል፣ የሰው ድምፅ ያስጠላኛል። አማቴ "ፀነሰች!" ብለው እልል ይላሉ። ከዚያ ደሜ ይመጣል። "ሾተላይ በላው" ይባላል። እንዲህ እየተባለ ሦስት ልጅ ያስበላሁ ሆንኩ። ገና ሙሽራ ሳለሁ የመንደሩ ባለዛር "የልጅቷ ዛር እህል አይወድም" ብላ እስከ ማታ እንዳልቀምስ አዝዛ ነበር። መነመንኩ፤ የወፈረው ዛሩ ብቻ ነው።

ለአራተኛ ጊዜ ሆዴ ሲነፋ አማቴ ባሌ ፊት "ይኼኛው ከጠፋ ወደ አባትሽ ቤት ነው" አሉኝ። ባሌ መሬት መሬቱን አየ። ወገቤን በቆረጠኝ ቁጥር ጓዳ ገብቼ ቀሚሴን አያለሁ። መጣ? አልመጣም። በመጨረሻ ባሌን ብለምነው ወረታ ክሊኒክ ወሰደኝ።

ነርሷ አማኝ ነበረች። ሆዴን ዳሰሰች፣ ብዙ ጠየቀችኝ።

"ፅንስ የለም" አለች።

"ሾተላይ ወሰደው?" አለ ባሌ።

"ምኑን ይወስዳል? ያልነበረ ልጅ አይሞትም! ሰውነቷ ሲከሳ ደሟ ይቀራል፤ ሊመጣ ሲል ሆዷ ይነፋል፣ ይከፋታል። በፎገራ ላም መሃል ሰው ታስርባላችሁ?"

ዛሬ ሆርሞን ይሉታል። እኔ ያን ቀን የሰማሁት አንድ ነገር ነው፦ ማንንም አልገደልኩም። ሃሌ ሉያ!

"ልጸልይልሽ?" ስትለኝ ዛሩን ልትገሥጽ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ግን ምሳዋን አውጥታ ባረከች። "ጌታ ሆይ፣ ይህችን ልጅ አብላት" አለችና ግማሹን ወደ እኔ ገፋችው። እያለቀስኩ በላሁ። "ይህ ጌታሽ ማነው?" አልኳት። ነገረችኝ፤ እዚያው ተቀበልኩት።

ቤት ስንደርስ አማቴ ደጅ ቆመዋል።

"እህ?"

"እምዬ፣ ልጅ አልነበረም" አለ ባሌ። "ድሮም አልነበረም። አስርበናት ነው።"

ወደ ውስጥ ገቡ። ልብሴን ሊያወጡልኝ ነው ብዬ ወደ መንገዱ ዞርኩ። ወተት በዋንጫ ይዘው ወጡ።

"ጠጪ! ዛርሽ ካኮረፈ ከእኔ ጋር ይነጋገር።"

ልጅ የወለድኩት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፤ የዳንኩት ግን ያን ቀን ነው። የወር ቁጣዬ እስካረጥ ድረስ ይመጣ ነበር፣ ባሌን ጠይቁት። ጌታ ቁጣውን አልወሰደም፤ በደለኛነቴን ነው የወሰደው። ክብር ለእርሱ ይሁን!

እህቶቼ፣ የሚያማችሁን ሳታፍሩ ለጌታ ንገሩት። ክሊኒክ ብትሄዱ አይቀናም። እመኑት፤ ደግሞም ብሉ።