የተልባው ውሃና የተቸነከረው መስኮት

የበደለኝ የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። የበደለኝም ባሌ በሞተ ሰሞን፣ ገና ሐዘን ላይ ሳለሁ ነው። ስሙን አልጽፍም። ፒያሳ የመጽሐፍ ጥረዛ ሱቅ ስላለው የሚያውቀው ያውቀዋል።

ባሌ ወረቀትን ውሃ ላይ ማቅለም ከአባቱ ተምሯል፤ አባቱ ለንግድ ሱዳን ሲመላለሱ የለመዱት ሙያ ነው። ተልባ ይቀቀልና ይጠለላል፤ የሚዝለገለገው ውሃ ሰፊ ትሪ ላይ ይፈሳል። የበሬ ሐሞት ጠብ የተደረገበት ቀለም በላዩ ላይ ይንሳፈፋል። በማበጠሪያ ሲጎትቱት እንደ ላባ ይሆናል። ከዚያ ወረቀቱን አስተኝቶ ማንሳት ነው። ወረቀቱ በቁርኣንና በዳዊት ሽፋን ውስጥ ይለጠፋል። ባሌ ይህን ሁሉ አስተማረኝ። ወንድሙ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ የሐሞቱን ሽታ ሲሸሽ የኖረ ነው፤ ምን ከምን እንደሚቀላቀል አያውቅም።

«ሙያው ከቤታችን አይውጣ» አለና ከሱቁ ጀርባ የምሠራበትን ጓዳ መስኮት በሚስማር ቸነከረው። በሩ ላይም ከውጭ በኩል መቀርቀሪያ አደረገ። ስጠይቀው መልሱ አንድ ነው፤ «ንፋስ ውሃውን ይረብሻል።» ባሌ መስኮቱን ከፍቶ ነበር የሚሠራው። ለመውጣት አንኳኳለሁ። ደንበኛ ከያዘ አይሰማኝም፤ ወይም የሰማ አይመስልም። ከኋላ ባለው ቅያስ ባጃጅ ሲያልፍ መስማት እንጂ ማየት የለም። የምኖረው በእሱ ግቢ ነው፣ ወላጆቼ አርፈዋል። ሌላ ቦታ ልሥራ ብል ትሪውና ማበጠሪያው የግድ ናቸው። የባሌ ናቸው፤ ግን መውጫው በሱቁ ነው፣ እሱ ደግሞ ከበሩ አይነሣም።

አንድ ቀን አንድ ቄስ ለጥምቀት የሚደርስ የዳዊት ሽፋን ሊያዝዙ መጡ። በግድግዳው እሰማለሁ።

«ሐጂ፣ ይህን ሸጋ ነገር የሚሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኛ፣ አባ!»

«እጅዎን እኮ ቀለም የሚባል አልነካውም። የሙሽራ እጅ ይመስላል።»

«ሳሙና መቼ ጠፋ፣ አባ!»

ተሳሳቁ። እኔ እስከ ክርኔ ሰማያዊ ሆኜ ተቀምጫለሁ።

ከማግስቱ ጀምሮ ቀለሙ ውስጥ ሐሞት አልጨመርኩም። ቀለሙ ሁሉ ከውሃው ሥር ዘቀጠ። ቄሱ የሚመጡበት ቀን ሲቃረብ የባሌ ወንድም በሩን ከፍቶ፣ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ ገባ።

«ምነው፣ ምን ነካው?»

«ታፍኖ ነው፣ አያ። ውሃው አየር አጣ።»

«ውሃ ደግሞ ይታፈናል?»

«ንፋስ ይረብሸዋል ያልከው አንተ አይደለህ? የሚረበሽ ነገር አይታፈንም?»

ትሪውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ጉጠት አምጥቶ ሚስማሮቹን በገዛ እጁ ነቀላቸው። ጀርባውን ሰጥቶኝ መስኮቱን ሲገፋ ሐሞቱን ጣሳው ውስጥ ጠብ አድርጌ አዲስ ቀለም ውሃው ላይ ረጨሁ። ቀለሙ ተንሳፈፈ።

«አየሽ!» አለኝ፣ መላውን የዘየደው እሱ ይመስል።

የቄሱን ሽፋን ጨረስኩ፤ እሳቸው አልበደሉኝም። በነጋታው የባሌ ወንድም እንደ ልማዱ ከውጭ ቀረቀረብኝ። ትሪውን፣ ማበጠሪያውንና የቀለም ጣሳዎቹን በቅያሱ ሲያልፍ ጠርቼ ላስቆምኩት የባጃጅ ሹፌር በመስኮቱ አቀበልኩ። በርጩማ ላይ ቆሜ እኔም ወጣሁ።

ቀሐ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየሁ። አሁንም እዚያው እሠራለሁ። ንፋስ ሲነሣ ሥራውን አቆማለሁ፣ መስኮቱን አልዘጋም። የባሌ ወንድም እንድመለስ ሽማግሌ ልኮብኝ ነበር። መለስኳቸው።