ለአማት የማይነገር ምክር

ክረምት በመጣ ቁጥር ቡርቱካን ትከሳለች። ባሏ ናስር ባጃጅ ከሚነዳበት ከወልድያ ብቅ ሲል፣ «ደግሞ ዝናቡ በላሽ?» ይላታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ግራና ከሚባለው ወንዝ ማዶ ያሉትን መንደሮች በጭቃ እየዞረች፣ ልጅ ያለበትን ቤት ሁሉ እያንኳኳች ትናገራለች። ጭሱ እንዲወጣ በሩን ክፈቱት፤ ውሃ አፍልታችሁ አጠጡ፤ የሚያስል ልጅ ትንፋሹ ከፈጠነ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት። አንዷ ትሰማታለች። ሌላዋ «እሺ እህቴ» ብላ ትሸኛትና በሩን መልሳ ትዘጋዋለች።

እኔ ፀዳለ እባላለሁ፤ ወንዙ ዳር ትንሽ ሱቅ አለችኝ። ጎረቤታሞች ነን። አመሻሽ ላይ ስትመለስ ደጄ ላይ ቆማ የጫማዋን ጭቃ እያራገፈች፣ «ፀዱ፣ አፌ ደከመኝ» ትለኛለች። እግሬ ብትል በገባኝ። ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ ወርዳ የሚደክማት አፏ ነው።

ይህ ሁሉ ምክር ታዲያ አንድ ቤት ሳይገባ ኖረ፤ የገዛ ቤቷ። ሥራ ስትሄድ ልጇን ኢብቲሳምን የሚይዙላት አማቷ እማማ ሀስና ናቸው። ደግ ሴት ናቸው፤ ለልጅቷ ነፍሳቸውን ይሰጣሉ። ግን ክረምት ሲገባ ብርድ እንዳይመታት ብለው መስኮቱን በጨርቅ ይወትፉታል፤ እሳቱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይጨሳል። ቡርቱካን ይህን እያየች ገብታ እያየች ትወጣለች። በእኛ አገር ምራት አማቷን አትመክርም። እግር ታጥባለች፣ ስትጠራ አቤት ትላለች፣ ዓይኗን ሰበር ታደርጋለች፤ በቃ።

«የሰው ልጅ ሳል አስጨንቆሽ ወንዝ ትሻገሪያለሽ፤ ያንቺዋ በጭስ ታፍና ትውላለች» ብዬ ስንቴ ተቆጥቻታለሁ!

«ተይኝ ፀዱ። ናስርን አሳድገው የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። በምን አፌ ልጅ አያያዝ ላስተምራቸው? ሰውስ ምን ይለኛል?»

እኔ ደግሞ አሮጊቷ የናቋት ይመስለኝ ነበር። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ይባል የለ?

ነሐሴ ላይ ኢብቲሳም ማሳል ጀመረች። ጠዋት እናቷ አይታት ተራ ጉንፋን መሰላትና ወደ ሥራዋ ሄደች። ቀትር ሲያልፍ ስልኬ ጠራ።

«ፀዱ፣ ሱቅሽን ዝጊ። እማማ ኢብቲሳምን እንጥል ሊያስቆርጧት አዝለዋት ሄዱ አሉኝ። ድረሽልኝ! ወንዙ ሞልቷል፣ መሻገር አልቻልኩም።»

ወጥቼ ሳይ ማዶ ቆማለች። ደራሽ ውሃው ግንድ እየጎተተ ይወርዳል። አንዴ ወደ ውሃው ትቀርባለች፣ ሰው ክንዷን ይዞ ይመልሳታል። የፈራችው እውነቷን ነው። እዚህ ሕፃን ሳል ሲጠናበት «እንጥሉ ወርዶ ነው» ይባልና ወደ ቆራጩ ይወሰዳል። ምላጩን ማን ያፈላዋል! የዳነውን ሰውየው አዳነው እንላለን፤ የሞተውን ፈጣሪ ወሰደው እንላለን። ሰውየውን ደፍሮ የጠየቀው የለም።

ነጠላዬን እንኳን ሳልይዝ በዝናቡ ሮጥኩ። ቆራጩ ቤት ስደርስ እማማ ሀስና ልጅቷን አዝለው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ፊት የነበረችው እናት የሚያለቅስ ልጇን አቅፋ እየወጣች ነበር።

«እማማ፣ ተነሱ! ቡርቱካን አያስቆርጧት ብላለች።»

«ማን? ቡርቱካን?» አሉ እየተገረሙ። «ልጄ ፀዳለ፣ ምራቴ እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቀን ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። ያንቺን ሐሳብ በእሷ አታሳብቢ።»

ወዲያው ደወልኩና ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጌ በጆሯቸው አጠገብ ያዝኩት። «አማትሽ ይሰሙሻል፤ ንገሪያቸው» አልኳት። የሚሰማው የወንዙ ድምፅ ብቻ ነው።

«አንቺ ሴትዮ፣ ተናገሪ እንጂ!» ብዬ ጮኽኩባት።

«እማማ…» አለች በመጨረሻ። «አፉ ይበሉኝ። አያስቆርጧት። ሳሉ ከእንጥሏ አይደለም። ከቆረጧት ደም ይፈሳታል፣ ቁስሉም ይመረቅዛል። እባክዎ ልብሷን ገልጠው ደረቷን ይዩልኝ። ስትተነፍስ ከጎድኗ ሥር ወደ ውስጥ ይገባል?»

እማማ ሀስና ልጅቷን ከጀርባቸው አውርደው ጉልበታቸው ላይ አጋደሟት። ቀሚሷን ገለጡና ጎንበስ ብለው አዩ።

«ይገባል» አሉ።

«ሳንባዋ ታሟል ማለት ነው። ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። አሁኑኑ፣ እማማ! በአላህ ይዤዎታለሁ።»

ሰውየው ከውስጥ ሆኖ «ተረኛ!» ብሎ ተጣራ። እማማ ሀስና ልጅቷን መልሰው አዘሏትና ወጡ። በዚያ ዕድሜያቸው በዚያ ጭቃ ላይ እየቀደሙኝ ሄዱ።

ጤና ጣቢያ መርፌ ወጓት፣ ኦክስጅን አደረጉላት። ነርሷ «ትንሽ ብትቆዩ ኖሮ ከባድ ነበር» አለችን። ወንዙ የጎደለው ወደ ማምሻው ነው። ቡርቱካን እስከ ወገቧ ርሳ ገባች። የልጇ ትንፋሽ ረገብ ብሎ ነበር። ደረቷን በእጇ ዳበሰችና ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ማልቀስ እንኳን አቅም ይፈልጋል።

እማማ ሀስና አግዳሚው ላይ ጠጋ ብለው ቦታ ሰጧት፤ አልተቀመጠችም።

«ለሰው ሁሉ ስትነግሪ ትውያለሽ አሉ» አሏት። «ለእኔ ምን ከለከለሽ?»

«አፍሬዎት ነው፣ እማማ።»

እማማ ሀስና ፊታቸውን ወደ ልጅቷ መለሱ። እኔም ልሂድ ልቅር እያልኩ ቆሜ ቀረሁ።

«ከናስር በፊት ሁለት ነበሩኝ» አሉ ኋላ። «ሴትም ወንድም። ሁለቱም ክረምት ላይ አሳላቸው። ሁለቱንም በዚህ ጀርባዬ አዝዬ ወስጄ አስቆረጥኳቸው።» ቀና ብለው ምራታቸውን አዩዋት። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው?»

ቡርቱካን እግራቸው ሥር ቁጭ አለች። እንዲህ ቀና ብላ ፊታቸውን ስታያቸው አይቼ አላውቅም።

«አላውቅም፣ እማማ። ያኔ የሚነግርዎ ሰው አልነበረም።»

«ለዚችማ ነበረ» አሉ። «እዚያው ቤቴ ውስጥ።»