ያዘነላቸው ሴሎች

ሠላሳ ዓመት ቧንቧ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። ውሃ ቀስ ብሎ የሚሄድበት ቧንቧ ዝቃጭ እንደሚይዝ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ጉድ እኮ ነው፣ ይህንኑ የረሳው በገዛ ሚስቱ ጉዳይ ላይ ነው!

የሚስቱ ኩላሊት ከደከመ ሦስተኛ ዓመቱ ነው። ደሟ ወደ ኩላሊት እጥበት ማሽኑ የሚሄደው ክንዷ ውስጥ በተቀበረ የፕላስቲክ ቱቦ በኩል ሲሆን፣ ቱቦው ሁለት ጊዜ ደም ረግቶበት ተዘግቷል። ሐኪሞቹ ሦስተኛውን ሲቀብሩ "ከዚህ በኋላ ሌላ ቱቦ የምንቀብርበት አዲስ ቦታ የለንም" አሉ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጣቱን ክንዷ ላይ ያሳርፋል፤ ከነዘረው ደሙ እየሄደ ነው። ከዚያ ወዲያ መጥረጊያ እንኳ አያስነካትም።

"ተቀመጪ ብዬሻለሁ!"

"አንተ ሰውዬ፣ በመቀመጥ ልትገድለኝ ነው እንዴ?" ትለዋለች እየሳቀች።

አሁን የሚሠራው በአንድ የምርምር ክፍል ውስጥ፣ በቱቦ ፈሳሽ የሚያዘዋውር ፓምፕ በመጠበቅ ነው። የክፍሉ ዶክተር ከሚስቱ ደም፣ የደም ሥርን የውስጥ ግድግዳ የሚያለብሱ ሴሎችን የሚወልዱ ግንድ ሴሎች ለይታ፣ ሁለት ወር አሳድጋ፣ ቱቦ ውስጥ ዘርታቸዋለች። ደም ሳያረጉ የማሳለፍ ፈተናውን ካለፉ፣ እንዲህ በሴል የለበሰ ቱቦ ክንዷ ውስጥ ባለው ምትክ ለሚስቱ ይገባላታል።

"ጋሼ፣ ፍሰቱን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ" አለችው። "ሴሎቹ ደም እንዳይረጋ መከላከል የሚለምዱት ፍሰቱ እየፈተጋቸው ሲያልፍ ነው። ጥቂቶቹ ይረግፋሉ፤ አይደንግጡ።"

ልጅ አልወለዱም። ሚስቱ ከሥራ ሲገባ "ልጆቻችን እንዴት ዋሉ?" እያለች ትቀልድበታለች። እሱ ግን ቀልዱን ከልቡ ወሰደው። በአሥረኛው ቀን በማይክሮስኮፕ ሲያይ ጥቂቶቹ ተላቅቀው በፍሰቱ ሲወሰዱ ተመለከተ። አንጀቱ አልቻለም። የእሷ ናቸዋ! የፓምፑን ቁልፍ ወደ ኋላ አዞረው። አራት ቀን ሙሉ ፍሰቱን ቀንሶ፣ መዝገቡ ላይ የታዘዘውን ቁጥር ጻፈ።

ቁልፉን ባዞረ በአምስተኛው ቀን ዶክተሯ በቱቦው ደም አሳለፈች። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጠቁሮ ረጋ። የፓምፑን ማሳያ ወዳለፉት ቀናት እየመለሰች አየችና ወደ እሱ ዞረች።

"ጋሼ፣ ምን አደረጉ?"

"አሳዘኑኝ" አለ።

ሊኩል ሄዶ ዓይን አጠፋ ይሏል እንዲህ ነው። እንደገና ለማሳደግ ሌላ ሁለት ወር ያስፈልጋል። በዚያን ቀን ጠዋት ደግሞ የክንዷ ንዝረት ሳስቶበት ጣቱን ሦስት ጊዜ ተጭኖ ነበር የፈለገው። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ቤት ሲገባ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው።

"ልጆቻችንስ?"

አጠገቧ ተቀምጦ ክንዷን ያዘ። "አዘንኩላቸውና አበላሸኋቸው። በገዛ እጄ ነው" አለና አለቀሰ። የፓምፑን ፍሰት እንዴት እንደቀነሰው አንድም ሳያስቀር ነገራት።

ሚስቱ ክንዷን ቀስ ብላ ከእጁ አወጣች፣ ተነሳች፣ መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ አንስታ ቤቱን መጥረግ ጀመረች።

ተቀመጪ ሊላት አፉን ከፈተ። ከዚያ ተነስቶ ወንበሩን ከመንገዷ አነሳላት።